ወደ ቅዳሜ የተላለፈው ሃሎዊን

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

ቀኑ ተቆረጠ። ሰኞ፣ ኖቬምበር 3።

የተደወለልኝ ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። በአንድ ጆሮዬ የኤድመንተን ሆስፒታልን ነርስ እሰማለሁ፣ በሌላው ጎማ ሊያስቀይር የመጣ ሰውዬ ጠረጴዛዬን በመኪና ቁልፉ ይቆረቁራል። ቅዳሜ ኤድመንተን ግቡ፣ እሁድ ልጁ ይተኛል፣ ሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮኑን እንጀምራለን አለች። እስከዚያ ከብርድና ከሰው ጋጋታ ጠብቁት፤ ጉንፋን እንኳ ከያዘው አንነካውም። እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ የጎማ ትዕዛዝ እንደምቀበል። ስዘጋው ሰውዬው፣ «ለዛሬ ነው ወይስ ለገና ነው የምትደርሺልኝ?» አለ። ለገና ነው አልኩት። አለቃዬ ሰምቶ ቢሮው ድረስ ጠርቶ ተቆጣኝ።

ማታ ለባሌ ለታራስ ነገርኩት። ጭቃ የያዘ ቦቲውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አልኩት።

«ለላሪሳም?»

«በተለይ ለላሪሳ።»

እህቱ ናት። ግን የከተማው ምክር ቤት አባልም ናት፣ እሷ ጠዋት የሰማችውን ከተማችን ሄረን ሌክ በሙሉ ሳይመሽ ይሰማዋል። ልጃችን ዋያት ተወልዶ የመጀመሪያው የልብ ኦፕራሲዮን ሲደረግለት ያደረጉንን አልረሳሁም። በየቀኑ በራችን ላይ የተጋገረ ፓስታ። ያገኘን ሁሉ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። አንዷ አሮጊት አዳራሹ ውስጥ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ «ፎቶ አብዝታችሁ አንሱት፣ ልጄ» አለችኝ። ገና የጡት ልጅ ነበር። እንደ ቀበሩት ነው ያየሁት። ሁለተኛ አላሳያቸውም።


እሁድ፣ ሴፕቴምበር 28

ሃሎዊን ወር ይቀረዋል፣ ቤቱ ውስጥ ግን ምን መስለን በየበሩ ከረሜላ እንለምን ከሚል ሌላ ወሬ የለም። ዋያት በረዶ ጠራጊ መኪና ነው የምሆነው ብሏል። ሹፌሩን አይደለም፣ መኪናውን። አምስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ የሚነዳውን ማሽን ከአባቱ አስበልጦ ይወዳል።

ኬልሲ የሞተች ሙሽራ ልሁን አለች። ነጭ መጋረጃ ለብሳ፣ ፊቷን ዱቄት ቀብታ፣ ዓይኗን በከሰል ኩላ።

«አይሆንም» አልኳት።

«ለምን? አምና አፅም ነበርኩኮ።»

«ዘንድሮ እዚህ ቤት የሞተ ነገር አይገባም።»

«ሃሎዊንኮ ነው፣ እማዬ።»

«አይሆንም አልኩሽ።»

በሩን ደርግማው ገባች። ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ታራስ ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ «በር አዘጋግ ከማን እንደተማረች እንጃ» አለ። አልሳቅኩም።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

በረዶ ጣለ። የመጀመሪያው። ከተማው ሁሉ በዚህ አገር በረዶ እንደሚጥል ዛሬ ገና የሰማ ይመስል ጎማ ለማስቀየር ተሰልፏል። ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ምሳ አልበላሁም።

ዋያት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደረጃው መሃል ላይ ቁጭ አለ። «ነዳጅ አለቀብኝ» አለኝ። ሳቅኩለት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ለቀቅኩት፣ ድምፁ እንዲሸፍነኝ።

ደክሞኛል። ሌላ አይደለም።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

የምስጋና ቀን። ምሳ ላሪሳ ቤት። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ገና ኮታችንን ሳናወልቅ ጀመረች። «ይሄ ልጅ ምነው ከሳ?»

«እያደገ ነው።»

«ማደግ እንዲህ ነው? ጥፍሩን አይተሽዋል?»

«ላሪሳ፣ ተርኪ ዶሮሽን ቁረጪ።»

ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የሃሎዊን ወሬ። አምና በዚያ ማዕበል አንድ ሕፃን ከረሜላ ወድቆበት ሊያነሳ ከበረዶ ክምር ላይ ተንሸራቶ መንገድ መሃል ገባ። በረዶ ጠራጊው ለጥቂት ነው የቆመው። የሚነዳው ታራስ ነበር። ላሪሳ፣ «ዘንድሮ ትንበያው ካላማረ ወደ ሌላ ቀን እናስተላልፈዋለን» አለች።

«ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው» አልኳት። «ዝናብ ከጣለ የልጅሽንም ልደት ታስተላልፊያለሽ?»

ታራስ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። መልሼ ረገጥኩት።

በኋላ ሳህን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ላሪሳ ለባሏ ለዌይን ስትነግረው ሰማሁ። «እሷን እንዴት ዋልሽ ማለት ራሱ ጠብ ነው። ምን እንዳስቀየምኳት ባውቅ እኮ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።» ሳህኖቹን እዚያው ኮሪደሩ ወለል ላይ ትቼ ልጆቼን ኮት አለበስኩ። ኬልሲ ኬኩን ገና አልጨረሰችም ነበር።

ምን እንዳስቀየመችኝ አለማወቋ ነው የሚያናድደኝ።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

መኪናው ደረሰ። አካሉ ከጎማ ቤት ያመጣሁት ካርቶን ነው። የፊት አካፋውን ታራስ ከአሮጌ የፕላስቲክ በርሜል ቆረጠው። በወፍራሙ የበረዶ ቱታ ላይ ጠልቆ እንዲገባ አስፍተን ነው የሠራነው፤ ከጠበበ ልጁ ካርቶኑን ሊለብስ ሲል ኮቱን ያወልቃል፣ ኮቱን ካወለቀ አለቀለት። አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ አሰርንለት። ዋያት ሳሎኑን እያጓራ ሲዞር አመሸ። ሲደክመው ይቆምና «ጥገና ላይ ነኝ» ይላል፤ ይተነፍስና እንደገና ያጓራል።

ኬልሲ የአባቷን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ ቀይ ባንዲራ ይዛ ከፊቱ ልትሄድ ወሰነች፣ መንገድ እንደሚያስከፍቱት ሠራተኞች። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ናት ያሰበችው። ካርቶኑን የምንቀባበትን ቀለም ስትነካ በሩን አበላሸችና ጮህኩባት። ያልሆነ ነገር አልኳት። «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፣ ደግነቱ።

ነገ አነጋግራታለሁ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

አላነጋገርኳትም። ጎማ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነው የዋለው።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ምክር ቤቱ ለሁሉም ስልክ መልእክት ላከ። ዓርብ ከባድ ማዕበል ስለሚጠበቅ ሃሎዊን ወደ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1 ተላልፏል። ዓርብ ማታ የበራችሁን መብራት አጥፉ፣ መንገዱን ለበረዶ ጠራጊዎች ልቀቁ።

ቅዳሜ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እኛ ኤድመንተን መንገድ ላይ ነን።

ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ላሪሳ ጋ ደወልኩ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ጆሊን? ድምፅ ሰጠንበት፣ አንድም የተቃወመ የለም።»

«ልጆቹን ጠየቃችኋቸው?»

«አንድ ቀን ነው።»

«ላንቺ አንድ ቀን ነው።»

«ለማን ነው አንድ ቀን ያልሆነው? ንገሪኛ። ችግር ካለ ንገሪኝ።»

ጠበቀችኝ። በእውነት ጠበቀችኝ፤ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። እኔ ግን፣ «ችግሩ አንቺ ነሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ዋያት ከመኝታ ቤት፣ «እማዬ፣ ዓርብ ስንት ቀን ቀረው?» አለ። ሁለት አልኩት።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ጎማ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። አብዛኛው ጥሩ አደረጉ ይላል። ማዶ ቤት ያሉት አቶ ኖርበርት ሻያቸውን ይዘው ከምድጃው ጎን ተቀምጠው፣ «ከረሜላ በአንድ ቀን አይሻግትም» አሉ።

«ሁሉ ነገር መጠበቅ ይችላል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን አልኩሽ?»

«ምንም።»

ስወጣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ልጅ ለጓደኛው፣ «ዛሬ ነክሳለች፣ አትጠጋት» ሲል ሰማሁት።

ማታ ታራስ፣ «ንገሪያት፣ በቃ» አለኝ። «ለላሪሳ ንገሪያት። ለሱ ብቻ ሦስት አራት ቤት ነገ ከሰዓት መብራት ያበራለታል። በቀን፣ ንፋሱ ሳይመጣ።»

«አልለምንም።»

«ልመና አይደለም።»

«ዘንበል ብለው እንዲያዩት አልፈልግም። ለምን የመጨረሻው እንደሆነ...»

አልጨረስኩትም። ታራስም ጨርሺው አላለኝም። ሄዶ ቴርሞሱን አጠበ። ነገ ከቀትር ጀምሮ ማሽኑ ላይ ነው፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ።

ለምን የመጨረሻው እንደሆነ አድርገው ያዩታል ልል ነበር። ሌላ አልነበረም።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 31፣ ሌሊት

ሁሉም ተኝቷል። ታራስ ሶፋ ላይ ነው። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ታራስ ቀትር ላይ ሲወጣ በሩን ይዞ፣ «ዛሬ ማንም ንቅንቅ እንዳይል፣ ጆሊን። ከአፍንጫሽ ወዲያ አይታይም» አለ። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት እንዲሄድልኝ ነው።

ሲመሽ ልጆቹን አለበስኳቸው። ከሥር የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ቱታ፣ ከላይ ኮፍያና ሻርፕ፣ ከዚያ ካርቶኑ። ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ይላል። ያን ያህል አይደለም፤ እኔ ልጅ ሆኜ ከዚህ በባሰው ወጥቻለሁ። ኬልሲ፣ «ዛሬኮ አይደለም፣ እማዬ፣ ሚስ ሃርፐር ነገ ነው ብላናለች» አለች። ሚስ ሃርፐር ይህን ቤት አታስተዳድርም አልኳት።

መንገዱ ጨለማ ነው። አንድም በር አይበራም። መጀመሪያ አቶ ኖርበርት ጋ ሄድን። በፒጃማ ወጡ።

«ነገ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ነው» አልኳቸው።

ዋያት አካፋውን ከበራቸው ጋር አጋጭቶ፣ «ከረሜላ ወይስ ተንኮል» አለ። አቶ ኖርበርት ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ገብተው አንድ ቆርቆሮ የኮክ ፍሬ ይዘው መጡና ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩለት። ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ነው የከፈተችው። ቤቷ ከረሜላ አልነበራትም፤ ባሏ ለነገ ሊገዛ ነበር። ከፍሪጅዋ አንድ ከረጢት የቀዘቀዘ ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ሰጠችን። ሦስተኛው ቤት እስኪከፍቱልኝ ደበደብኩ። ሰውየው ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ልጁን ሲያይ ዘጋው፣ «እነዚህ ለመብራትህ» ብሎ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሰጠው።

ዋያት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ከከረሜላ ይበልጣል። የቤት ዕቃ እየሰጡን ነው።» ኬልሲ ባንዲራዋን እያውለበለበች ከፊቱ ትሄዳለች። ሁለቱም ሳቁ።

እዚያ ላይ ነበር መመለስ የነበረብኝ።

ላሪሳ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በሯን አንኳኩቼ ፊቷን ማየት ፈለግኩ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። መሃል መንገድ ላይ ንፋሱ ተነሳ፣ በረዶው ከላይ መውረዱን ትቶ በጎን መጣ። የመንገድ መብራቶቹ ጠፉብን። የሆነ ማሽን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ፣ በየት በኩል እንደሆነ አላወቅኩም። ልጆቹን ወደ ዳር ሳብኳቸውና መውጣቱን ቀጠልኩ። ኬልሲ ዞራ የሆነ ነገር አለችኝ።

«ምን?»

«ዋያት ማጓራቱን አቁሟል።»

ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁት። ከንፈሩ የብዕር ቀለም የጠጣ ይመስላል። ዓይኑ ተከፍቷል ግን እኔን አያይም። ካርቶኑን ቀድጄ ጣልኩት፣ ተሸክሜው ሮጥኩ። ኬልሲ ከኋላዬ ነበረች። ይመስለኛል። አልዞርኩም።

ላሪሳ በሩን ስትከፍት ምን እንደሚመስል ፊቷን አላየሁም። ልጁን ከእጄ ነጠቀችኝና ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቱታውን ከፍታ ከደረቷ ጋር አጣበቀችው።

«አብደሻል? በዚህ? ይሄን ልጅ? አንድ ቀን መጠበቅ አቅቶሽ?»

«ቅዳሜ የለንም» አልኳት። «ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን። ሰኞ ደረቱን ይከፍቱታል። ቅዳሜሽን ውሰጂው፣ ለሱ ቅዳሜ የለውም።»

ላሪሳ ቀና ብላ አየችኝ። አንገቷን ዘንበል ብታደርግ በጥፊ እላት ነበር። አላደረገችም። «ዌይን፣ ለታራስ በሬዲዮ ንገርልኝ፣ በዚህ በኩል ይምጣ» ብቻ አለች፣ የልጁን እግር እያሸች። ኬልሲ ከረጢቱን እንደያዘች በሩ ጋ ቆማለች። ጫማሽን አውልቂ ያላት እንኳ አልነበረም።

ታራስ ማሽኑን ይዞ መጣ። ዋያትን በኮቱ ውስጥ ከቶ ክሊኒክ አደረሰው፣ ኦክስጅን ሰጡት፣ ቀለሙ ተመለሰ። በመስኮት እያየ፣ «አባዬ አካፋውን አውርደው» ይል ነበር። ነርሷ ወደ ቤት ውሰዱት አለች።

ታራስ አንዲት ቃል አልተነፈሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ጎህ ሲቀድ ትኩሳት። ኤድመንተን ደወልኩ። አትምጡ አሉን። ደረቱ ሳይጸዳ አይነኩትም፤ ወደ 18 አዞሩት።

ነርሷ፣ «ብርድ መትቶት ነበር?» አለችኝ።

«ከትምህርት ቤት ይሆናል። ልጆቹ ሁሉ ያስላሉ።»

ስዘጋው ታራስ ከኋላዬ ቆሟል።

ማታ፣ ማዕበሉ አልፎ፣ ከተማው ሁሉ መብራቱን አበራ። በመንገዱ ሙሉ ልጆች። ዋያት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። እየመጡ በራችንን ሲያንኳኩ ለካስ ከረሜላ የሚባል ቤት ውስጥ የለም፣ እንሄዳለን ብዬ አልገዛሁም። «የኛን ስጪያቸው» አለ። አንዲት ጠንቋይ የባትሪ ድንጋይ ደረሳት። አንድ የባሕር ወንበዴ የኮክ ፍሬውን ቆርቆሮ ተሸክሞ ሄደ። ፒሮጊውን ለሦስት ወንድማማቾች ሰጠሁ፣ እናታቸው ከመንገዱ ላይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ዋያት በመስታወቱ እየተቀበለ «ቀጣይ» ይላል፣ እንደ ክሊኒክ።

ሰው እስኪያዝንልን ጠበቅኩ። የተጋገረ ፓስታ ጠበቅኩ። አንድም አልመጣም። ላሪሳ ለማንም አልተናገረችም። እሱም አናደደኝ፤ ልጠላበት ያስቀመጥኩት ምክንያት አለቀብኝ።

ኬልሲ አልወጣችም። ሂጂ አልኳት፣ አልፈልግም አለች። እንግዲህ አታኩርፊ አልኳት።


እሁድ፣ ኖቬምበር 9

ትኩሳቱ ወርዷል። ሳሉ አልለቀቀውም።

ታራስ ዛሬ ተናገረ። ስምንት ቀን ሙሉ «ጨው አቀብዪኝ» ሲለኝ ከርሞ። እቃ እያጠብኩ ነበር።

«ያን ዳገት ያን ማታ ሁለት ጊዜ ወጥቼዋለሁ» አለኝ። «አካፋውን አውርጄ። የማሽኑ አፍንጫ አይታየኝም ነበር። ሁለት ጊዜ። አንቺና ልጆቼ የት ነበራችሁ?»

«ዳር ላይ።»

«ዳሩ የት ነበር፣ ጆሊን?»

እሱ ቀጠለ፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ እኔም ከፍ አደረግኩ። አንተ ማሽንህ ላይ ስትቀመጥ እኔ እዚህ ደረጃው ላይ ትንፋሹን አዳምጣለሁ አልኩት። እሱም፣ «እኔ የማላዳምጥ ይመስልሻል?» አለኝ። አንድ ሳህን ተሰበረ። የኔ እጅ ላይ ነበር። ልጆቹ ሰሙ።

አምና ያ ሕፃን መንገድ ላይ ከገባ በኋላ ለሳምንታት ሌሊት እየነቃ ወጥ ቤት ይቀመጥ ነበር። ረስቼው ነበር። አልረሳሁትም፤ አላሰብኩትም።


እሁድ፣ ኖቬምበር 16

ኤድመንተን ገባን። መንገዱ ሙሉ መስታወት ነው፣ ታራስ በዝግታ ነዳ። ዋያት ያለፍነውን በረዶ ጠራጊ ሁሉ በሞዴሉ ሲጠራ መጣ።

ኬልሲን ላሪሳ ጋ ተውናት። ላሪሳ በሩ ላይ፣ «አታስቢ» አላለችኝም፣ «እንጸልያለን» አላለችኝም። «ስንት ሰዓት ትተኛለች?» አለችኝ ብቻ። ነገርኳት። ላቅፋት እጄ ተነስቶ ነበር፣ ግን የልጅቷን ቦርሳ ይዤበት ነበር።

ኬልሲ ለወንድሟ ቻው አለችው። ለኔ አላለችኝም። ከመኪናው ሳያት ጀርባዋን ሰጥታ ጫማዋን ትፈታለች።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ወሰዱት። አሻንጉሊት ይዘህ ግባ ቢሉት፣ «ሕፃን አይደለሁም» አላቸው።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ሰውዬ ድንች ጥብስ ይበላል። ኮረት፣ ኮረት። እንዴት ሰው እዚህ ይበላል። ተነስቼ ልነግረው ስል ታራስ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

አሁንም አልወጡም።

ቡና መሸጫው ተዘጋ።

ሰውየው ሄደ። ነርስ መጥታ ነው የጠራችው። እየሮጠ ሄደ። ድንቹን ወንበሩ ላይ ትቶት። ምነው በልቶ በጨረሰ።

ወጡ። ሐኪሟ ኮፍያዋን አውልቃ ነው የመጣችው፤ ፊቷን ሳይ ወንበሩን ያዝኩ። ሄዷል አለች። እኔ መሄድ ስትል ሌላ መሰለኝ። «ጥሩ ሄዷል» አለች ደግማ። ለምን መጀመሪያ «ጥሩ» አትልም? ይሄን ያህል ዓመት ተምራ ቃሉን ከየት መጀመር እንዳለባት የሚነግራት ጠፋ? ታራስ ያለቅሳል። እኔ ለሐኪሟ ምን እንዳልኳት አላስታውስም። አመሰግናለሁ አላልኩም። ነገ እላታለሁ።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

የመተንፈሻ ቱቦውን ነቀሉለት። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ተሻክሯል። ሐኪሟን አመሰገንኳት፤ ልክ እንደ ታዘዘ ሰው ነው ያልኩት፣ ግን አልኩት።

ማታ ላሪሳ ቤት ደወልኩ። ኬልሲን አቅርቢልኝ አልኳት። ብዙ ቆየ።

«ምን?» አለች ኬልሲ።

«ዋያት ደህና ነው። ዛሬ ሾርባ ጠጣ።»

«አክስቴ ነግራኛለች። ሁሉንም እሷ ናት የምትነግረኝ።»

«ኬልሲ...»

«ሊሞት ነበር?»

ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው አልጋ እየገፋ አለፈ፣ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ይህን ቃል ከሱ ስም ጋር በዚህ ደብተር እንኳ ጽፌው አላውቅም።

«ሊሞት ይችል ነበር» አልኳት።

«እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። አንቺ ለአክስቴ ስትነግሪያት። ደረቱን ይከፍቱታል ስትይ። ከዚያ ማንም ምንም አላለኝም። ስንት ቀን ሙሉ። ስትጮሁ እሰማለሁ፣ ሲያስል እሰማለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም። ኑሮዬ እናንተ ቤት አይደለም እንዴ?»

ትጮህ ነበር። ይህችን ልጅ እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ በር ትደረግማለች እንጂ አትጮህም። ከበስተጀርባ ላሪሳ ስታባብላት ሰማሁ፣ እሷ ደግሞ፣ «ተዪኝ፣ ለሷ ነው የምናገረው» አለቻት።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ልጅ ስለሆንሽ ነው። እንዳትፈሪ ብዬ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አንዱንም አላልኩት። ስትጨርስ፣ «ፈርቼ ነው» አልኳት።

«እኔም» አለች፣ እንደ ተናደደች። «አሁን ለሱ ስጪልኝ።»

ስልኩን ወስጄ ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ የሆነ ነገር ስለ አልጋው ነው፣ አክስቷ ቤት ስላለው የላይኛው አልጋ፣ ማን ይተኛበታል የሚል። ዋያት ፊቱ ቀላ። በዚያ በተሻከረ ድምፁ፣ ሌላው ቱቦ ሁሉ እንደተሰካበት፣ «የኔ ነው። አልሰጥሽም። ስመጣ እገፈትርሻለሁ» ብሎ ጮኸባት። ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ ሮጣ ገባች፣ ቁጥሮቹን አየች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «እናትየው፣ ዝም ቢል ይሻላል፣ ጉሮሮው ገና ነው» አለች።

«ተዪው» አልኳት። «ይጩህ።»